የበዳሶ ሁለት ኪሎ

ኦቦ በዳሶ ቱሴ ሰው አቅፎ ኪሎውን ሳይናገር መልቀቅ አይሆንለትም። በቆጂ ውስጥ፣ በሐጂ አማኖ የገብስ መጋዘን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጆንያ ሲመዝን ኖሮ ክንዱ ራሱ ሚዛን ሆኗል። ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ሰላም ሲልህ ሳታውቀው ብድግ ያደርግሃል፤ ከዚያ «ሰባ አንድ! ለአረፋ ሰባ ሦስት ነበርክ፤ አሞህ ነበር እንዴ?» ይልሃል። ለቅሶ ቤት እንኳ አይምርም። አንዴ ባሏ የሞተባትን ጎረቤቱን ሊያጽናና አቅፏት «ስልሳ ስምንት» ብሎ አምልጦት፣ ሴትዮዋ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቅ አፈናት።

በሠርጉ ዕለትም ያው ነው። ሙሽራዋን ጦይባን ከፈረስ አቅፎ ሲያወርድ፣ ሌላው ወንድ የማር ቃል በሚፈልግባት በዚያች ደቂቃ፣ ጆሮዋ ሥር «ሃምሳ ሦስት ተኩል» አላት። ጦይባ ይህን ስታነሳበት አሥራ ስምንት ዓመት ሆናት። «ተኩሏን እንኳ አልማረኝም» ትላለች።

አንድ ልጃቸውን ሸጊቱንም «ሦስት ከሩብ» ብሎ ነው ወደዚህ ዓለም የተቀበላት። በየገበያው ቀን መጋዘን እየወሰደ ብድግ ያደርጋታል፣ ኪሎዋን ይጮኻል፣ ገበሬው ሁሉ ያጨበጭባል። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ግን «አባ በቃ፣ ሰው እያየን ነው» አለችው። ከዚያ ወዲህ አላነሳትም። ቅር ቢለውም ለማንም አልተናገረም።

ኩራቱ ግን ክንዱ አልነበረም። ኩራቱ የመጋዘኑ ትልቁ የብረት ሚዛን፣ ከዚያም ውስጥ መርፌውን ዜሮ ላይ የምታቆመው አንዲት ትንሽ ብሎን ነበረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እጁ ነክቷት አያውቅም። በቆጂ ላይ ሁለት ሰው በልኬት ቢጣላ አንደኛው «በበዳሶ ኪሎ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላኛው «አዎ፣ በበዳሶ» ካለ ጠቡ እዚያው ያበቃል። ሐጂ አማኖ ሀብታም ነው፣ በዳሶ ድሃ ነው፤ ስም ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር።

ታዲያ ሸጊቱ የምትሮጥበት የበቆጂ ሩጫ ክለብ አንድ ዓመት አዲስ አሰልጣኝ መጣለት። ስሙ ግዛቸው ይባላል። ደግ ሰው ነው፤ ክፋቱ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ መምጣቱ ነበር። ከሥልጠናው አንድ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ወረቀቱ በአንድ በኩል ቁመት፣ በሌላው በኩል የረጅም ርቀት ሯጭ ትክክለኛ ክብደት ተጽፎበታል። ይኼን ወረቀት በላስቲክ ለብጦ በደረት ኪሱ ይዞት ይዞር ነበር።

«ሳይንስ ነው» አላቸው ሯጮቹን። «ትርፍ ኪሎ ያለው ሯጭ ጆንያ ተሸክሞ እንደሚሮጥ ሰው ነው።»

ክለቡ የራሱ ሚዛን ያልነበረው እንዳይመስላችሁ። ነበረው፤ መስታወት የለበሰ፣ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን። አሰልጣኝ ግዛቸው እንዴት እንደሚወጣበት ለማሳየት ቀድሞ ወጣበት። ወረደ፤ መርፌው ግን ከዚያ በኋላ አልወረደም። ስለዚህ በየዓርቡ ከልምምድ በኋላ አሥራ አንዱ ሯጮች ላባቸው ሳይደርቅ ወደ ሐጂ አማኖ መጋዘን ይነዱ ጀመር። በዳሶም ልማዱ ነውና እንደ ጆንያው ነው የሚጠራቸው።

«ሃምሳ ሰባት! ውረድ! ቀጣይ! የማን ነው ይሄ? ጠጋ በል፣ ግድግዳውን አትደገፍ!»

በመጀመሪያው ዓርብ ከአሥራ አንዱ ሰባቱ ከወረቀቱ በላይ ሆነው ተገኙ። ከነሱ አንዷ ሸጊቱ ነበረች። ወረቀቱ አርባ ስድስት ይላታል፤ ሚዛኑ አርባ ስምንት አላት። በዳሶ ቁጥሩን ሲጠራ ድምፁ ትንሽ ቀጠነ።

«ከዛሬ ሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ አሰላ ላይ ማጣሪያ አለ» አለ አሰልጣኙ። «በየዓርቡ እመዝናለሁ። ከልክ በላይ የሆነ ሰው ሚኒባሱ ላይ አይወጣም። ልመና የለም፤ ሳይንስ አይለመንም።»

ሁሉም ሲወጡ እሱ ወደኋላ ቀረት አለ። ግራ ቀኙን አየና ጫማውን አውልቆ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ዘጠና አንድ። «ይህንን አይጥሩት፣ ኦቦ በዳሶ» አለ ቀስ ብሎ።

የአሰላው ማጣሪያ ለሸጊቱ ቀልድ አልነበረም። ከእሱ ያለፈ ትልቅ ክለብ ይገባል፣ የወደቀ ወደ ገብስ አጨዳው ይመለሳል። አራት ዓመት በየንጋቱ በባሕር ዛፉ ጫካ የሮጠችው ለዚህች አንድ እሑድ ነው። እናም መብላት አቆመች። ጦይባ ጩኮ አሽታ፣ የገብስ ዱቄቱን በቅቤ አርሳ፣ በቅል ሞልታ ታቀርብላታለች፤ ልጅቱ ዓይኗን ጨፍና ታሸተውና ትመልሰዋለች።

«አባ ሸጊቱ፣ ልጅህ ልትሞት ነው» አለች ጦይባ።

«ሁለት ኪሎ ናት እኮ» አለ በዳሶ፣ ራሱንም አላሳመነም።

«አንተ ምን አለብህ? ሰው ሁሉ ላንተ ጆንያ ነው!»

ረቡዕ ዕለት በዳሶ በዓይኑ አየ። ሯጮቹ ከመጋዘኑ ፊት ያለውን ዳገት ሲወጡ፣ ሸጊቱ ከሁሉ ኋላ ቀርታ፣ ከንፈሯ ነጥቶ ትሮጣለች። ከጎኗ አንድ ኩንታል ገብስ የተጫነባት አህያ መጣች። ለጥቂት ጊዜ እኩል ሄዱ። ከዚያ አህያይቱ ጆሮዋን አቅንታ ቀደመቻት። የአህያዋ ባለቤት «በርቺ!» ብሎ ጮኸ፤ ለማንኛቸው እንደሆነ አልታወቀም። መንገደኛው ሳቀ፤ በዳሶ ግን ያን ቀን ምሳውን ለውሻ ሰጠ።

በማግስቱ ሐሙስ፣ ሰው ሁሉ ለምሳ በወጣበት ሰዓት፣ የመጋዘኑን በር ከውስጥ ቀረቀረ። የብሎን መፍቻ አነሳ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልተነካችውን ብሎን ገፋት፤ አልነቃነቅ አለች። ደግሞ ገፋት፤ መርፌው ከዜሮ በታች ሁለት ኪሎ ወረደ። ዕቅዱ ዓርብ ከተመዘኑ በኋላ ወዲያው ሊመልሳት ነበር። «ትንሽ ላጥብቃት» ብሎ ጫን ሲል ግን የብሎኗ አንገት ቀጭ ብሎ ተቀነጠሰ። ጭንቅላቷ መዳፉ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ብሎኗን ወደ ቦታዋ መመለሻ አልነበረም፤ ጭንቅላቷን ኪሱ ከተታት።

ዓርብ መጡ። በዳሶ አንድ ነገር ዘንግቶ ነበር፦ ሚዛኑ የሚሳሳተው ለልጁ ብቻ አይደለም። ሰባቱ ደግሞ ሳምንቱን በረሃብ ስለሰነበቱ በእውነትም አንድ አንድ ኪሎ ቀንሰዋል።

«ሃምሳ አራት!» ብሎ ጠራ፣ ባለፈው ሃምሳ ሰባት የነበረውን ረቢሶን።

«ስንት?» አለ አሰልጣኙ።

«አርባ አምስት!» አለ በዳሶ፤ ተራው የሸጊቱ ነበር።

አሰልጣኝ ግዛቸው ፊቱ አመድ መሰለ። «በአንድ ሳምንት ሦስት ኪሎ? ተነኑ እኮ! እንዲህ ሆነው አሰላ ብወስዳቸው ነፋስ ነው የሚወስዳቸው!» ወረቀቱን አወጣ፣ ዘቀዘቀው፣ መለሰው። ወረቀቱ ከልክ በታች ስለሆነ ሰው የሚለው ነገር አልነበረውም። ከዚያ እጁን አነሳና ሳይንሱን አወጀ፦ «ብሉ! ቅቤ ያለው ቅቤ፣ ወተት ያለው ወተት! ይኼ ትእዛዝ ነው!»

በዚያን ዕለት ማታ ጦይባ ልጇ ጩኮውን ከቅሉ ግርጌ በጣቷ ስትጠርግ አይታ ከደስታ የተነሳ መሐረቧን ነከሰች። በዳሶ ግን አንድ ጉርሻ አልዋጥልህ አለው።

አሰልጣኙም ደስታ አላጣም። ሁሉም ሲወጡ ጫማውን አውልቆ ቢወጣ ሰማንያ ዘጠኝ ሆኖ ተገኘ። «ምንም አላደረግኩም እኮ!» አለ እየሳቀ። ዳገቱን በባጃጅ መውጣቱ ራሱ ሳይሠራ እንዳልቀረ ለበዳሶ ነገረው። አዳማ ላለችው ሚስቱ ደወለላት፤ በነጋታውም አንድ ቁጥር የጠበበ ሱሪ ገዛ።

ቀሪዋ ጣጣ የቅዳሜ ገበያ ነበረች። ሚዛኑ በየጆንያው ሁለት ኪሎ ይበላል፤ ገበሬው ሊጎዳ ነው። በዳሶ ሲያስብ አድሮ አንድ መላ አገኘ። ጆንያው ሚዛኑ ላይ ሲቀመጥ፣ እሱ ወደ መርፌው ጎንበስ ያለ መስሎ፣ የቀኝ እግሩን አውራ ጣት ጠርዙ ላይ ያሳርፋል፤ መርፌው ሁለት ኪሎ ሽቅብ ይላል፣ ገበሬው ሐቁን ያገኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በቀጥታ ሲመዝን የኖረ ሰው ያን ቀን በአውራ ጣቱ እውነት ሲናገር ዋለ። ማታ ጣቱ አብጦ ጫማ አልገባ አለው።

ሳምንቱ የቅቤ ሳምንት ሆነ። ሯጮቹ ዳገቱን እየዘለሉ ይወጡት ጀመር። ያቺ አህያ እንኳ ሸጊቱን ስታይ ከመንገዱ ገለል ትል ነበር። በአሥር ሺህ ሜትር ልምምድ ከራሷ ሰዓት ላይ አርባ ሰከንድ ቀነሰች። በሦስተኛው ዓርብ በዚያው በተጣመመው ሚዛን ሲመዘኑ አሥራ አንዱም ከወረቀቱ ጋር ቁጭ አሉ፤ ሸጊቱ ልክ አርባ ስድስት። አሰልጣኙ ወረቀቱን ሳመው።

«አይታችኋል? ወረቀቱ አይሳሳትም!»

በማግስቱ፣ የማጣሪያው ዋዜማ ቅዳሜ፣ አዴ ኩሌ አንድ ጆንያ ገብስ በጋሪ ይዛ መጣች። አዴ ኩሌ ብቻዋን አራት ጥንድ በሬ የምታሳርስ፣ ዓይኗ ከጭልፊት የማያንስ ሴት ናት። ጆንያው ተጫነ፤ በዳሶ ጎንበስ አለ፤ አውራ ጣቱ አረፈች።

«መቶ!»

«አንተ በዳሶ» አለች አዴ ኩሌ። «እግርህ የት ነው ያለው?»

«የቱ?»

«ስንት ነው ያለህ? ያ ሚዛኑ ላይ የወጣው ነዋ!»

የበዳሶ እግር ሚዛን ላይ? ሰው አንገቱን አስግጎ ከበበ።

«አዴ ኩሌ፣ በአላህ ይሁንብሽ ተይው» አለ በዳሶ በሹክሹክታ። «ላንቺው ብዬ ነው።»

«አንሳ አልኩህ!»

አነሳ። መርፌው ዘጠና ስምንት ላይ ዘጭ አለ። አዴ ኩሌ መርፌውን አየች፣ እግሩን አየች፣ እንደገና መርፌውን አየች።

«መልሰው» አለች ቀስ ብላ።

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ይኼ ገብስ ትናንት በጎረቤቴ ሚዛን መቶ ነበር። በአንድ ሌሊት ሩጫ ጀመረ እንዴ?»

በዚህ መሐል ሯጮቹ ልምምዳቸውን ጨርሰው፣ አሰልጣኙም በአዲሱ ጠባብ ሱሪው አጭር አጭር እየተራመደ፣ ወደ ግርግሩ መጡ። ሐጂ አማኖ ከመጋዘን ወጥቶ ሚዛኑን ፈታተሸና የተቀነጠሰችውን ብሎን አገኘ።

«ወገኖቼ! ሚዛኑ አርጅቷል፣ ብሎኗ ዝጋ ራሷ ተሰብራለች። በቃ፣ አላህ ያመጣው ነው!»

«ዝጋ ነው» አለ አንዱ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው እኮ» አለ ሌላው። ሁሉም ነገሩ እዚያው እንዲያልቅ ፈልጎ ነበር፤ የበዳሶ ኪሎ የሚጠረጠርበት ቀን እንዲመጣ የሚሻ አልነበረም። ከበዳሶ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነው። ቀና ሲል ሸጊቱን አያት። ጉንጯ ቀልቷል፣ ዓይኗ ያበራል። ነገ ጠዋት ሚኒባሱ አለ። ዝም ቢል ልጁ ትሄዳለች፣ ስሙም ይተርፋል። ግን ሰው ሁሉ ሊያምነው ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ ማየት አልቻለም።

«አልዛገችም» አለ። «እኔ ነኝ ያዞርኳት። ለልጄ ስል ነው። ሁለት ኪሎ ቀነስኩ፤ ሳጠብቃት ተሰበረች። እግሬንም ያስቀመጥኩት እናንተን እንዳልበድል ብዬ ነው።» ከኪሱ የብሎኗን ጭንቅላት አውጥቶ ሚዛኑ ላይ አስቀመጣት። መርፌው አልተነቃነቀም።

ከዚያ አሰልጣኝ ግዛቸው ተጠጋውና ጆሮው ሥር ጎንበስ አለ።

«ኦቦ በዳሶ… ዓርብ ዓርብ ከሁሉ በኋላ የተመዘነ ሰው ቢኖር… ነገሩ እሱንም ይመለከታል?»

«ይመለከታል።»

«ሁለቱንም ኪሎ?»

«ሁለቱንም።»

አሰልጣኙ እጁን ወደ ሱሪው ቁልፍ ሰደደ። ሰሞኑን ለምን መቀመጥ እንዳቃተው ያኔ ነው የገባው።

«ምን አደረግከኝ፣ አባ?» አለች ሸጊቱ። «ነገ ባሸንፍስ በማታለል ነው ሊሉኝ ነው?» ፊቷን አዞረችበት። ጆንያ ቢወድቅበት ይሻለው ነበር።

አሰልጣኙ ወረቀቱን አወጣ። «ሕግ ሕግ ነው» አለ፣ ድምፁ ግን እንደ ቀድሞው አልጠነከረም። «ሸጊቱ፣ ሁለት ኪሎ ትርፍ። አትሄድም። ረቢሶ፣ ሁለት ኪሎ ትርፍ። አይሄድም…» አሥራ አንዱንም ጠርቶ ጨረሰ።

«እና ነገ አሰላ ማንን ነው የምወስደው?» አለ የሚኒባሱ ሾፌር። «ወረቀቱን?»

«አሰልጣኝ፣ እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ» አለች አዴ ኩሌ። «እነዚህ ልጆች በዚህ በቅቤው ሳምንት ፈጠኑ ወይስ ዘገዩ?»

አሰልጣኙ የሰዓት መያዣ ደብተሩን ገለጠ። ቢያገላብጠውም የዘገየ አላገኘም። ሰው ሲሳሳት ያየሁት ብዙ ነው፣ በገበያ መሐል በጠባብ ሱሪ ቆሞ ስህተቱን የዋጠ ግን ብዙ አላየሁም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። «ሁላችሁም አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባሱ ጋ» አለ በመጨረሻ። «ንጋት ላይ። ቁርስ በልታችሁ።»

ወረቀቱን ሱሪው ኪስ ሊከት ቢታገል ጥበቱ አላስገባ አለው። አዴ ኩሌ ከእጁ ተቀበለችው፣ እንደ ቀንድ ጠቀለለችው፣ ከቆሎ ሻጯ ገብስ ቆሎ ሞልታበት ለሸጊቱ ሰጠቻት። ለበዳሶ ግን «አንተ ደግሞ ከእግርህ ጋር እንነጋገራለን» አለችው።

ያን ሌሊት ሸጊቱ አባቷን አላናገረችውም። ጠዋትም ሳትሰናበተው ሄደች።

ማንም ሳይጠይቀው በዳሶ የራሱን ቅጣት ፈረደ። አውራ ጣቱን አላመናትም፤ ለአንዱ ጠንከር፣ ለሌላው ላላ ብላ ይሆናል። ስለዚህ እሑድና ሰኞ ከቤቱ ገብስ ሁለት ሁለት ኪሎ በትንንሽ ከረጢት ቋጥሮ፣ በእነዚያ ሁለት ገበያዎች ወደመዘነላቸው ገበሬዎች ቤት በእግሩ ዞረ። ችግሩ አርሲ ላይ ሰው ደጃፍ ደርሶ ሳይቀምሱ መመለስ ነውር መሆኑ ነው። በአንደኛው ቤት ጩኮ፣ በሁለተኛው ገንፎ፣ በሦስተኛው እርጎ። «ለቅጣት ነው የመጣሁት!» ቢልም የሚሰማው የለም። «ቅጣትህን ቁጭ ብለህ ብላ» ይሉታል። አዴ ኩሌ ጋ ሲደርስ ገንፎው መሐል የቅቤ ኩሬ ነበር፤ ሳትስቅ አጠገቡ ቆማ አስጨረሰችው። ሲጨርስ ከረጢቱን ፈታ ገብሱን መልሳ ሰጠችው። «አሁን ተካክለናል» አለች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሆዱን ይዞ መጋዘን በር ላይ እንደተቀመጠ ሚኒባሱ ጡሩምባውን እየነፋ ገባ። ሸጊቱ በአሥር ሺህ ሜትር ሁለተኛ ወጥታለች፤ ትልቁ ክለብ ወስዷታል። ሰፈርተኛው፣ ጦይባ፣ አዴ ኩሌ፣ ሐጂ አማኖም ሳይቀር ወጣ። ልጅቱ ከሚኒባሱ ወርዳ እናቷን ሳመች። ከዚያ ሰዉን እየከፈለች ወደ አባቷ መጣች። ክንዷን ዘርግታ ቆመች፣ እንደ ድሮው፣ ሰው እያየ።

በዳሶ ተነሳ። አቀፋት፣ ከመሬት ብድግ አደረጋት። ሰዉ ሁሉ ልማዱን ያውቃልና ቁጥሩን ለመስማት ጸጥ አለ። ጊዜ ሄደ። በዳሶ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልጁን ታቅፎ፣ ዝም።

«ስንት ሆነች?» ብሎ ጮኸ አሰልጣኝ ግዛቸው ከኋላ።

«አልመዘንኳትም» አለ በዳሶ። «አቅፌያት ነው።»